ከደቻቱ አሸዋ ወደ ታጁራ ባሕር

ድሬዳዋ ከባሕር ያላት ርቀት በሐዲድ ሲለካ ከ300 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችውም እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1902 እዚህ ሜዳ ላይ ስለ ደረሰና የሐረርን ተራራ መውጣት ከባድና ውድ ሆኖ ስለ ተገኘ ነው። ባሕር በወለዳት በዚህች ከተማ ተወልጄ አድጌ፣ ለ11 ዓመታትም በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ፣ ባሕርን በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ዕድሜውን በምድር ባቡር ጥገና ያሳለፈው አባቴ በወጣትነቱ ጅቡቲን እንደ ጎረቤት መንደር ይመላለስባት ነበር። እኔ ግን የባሕርን ሙላትና ጉድለት በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልሁ ሳስረዳ፣ ከተማሪዎቼ የተሻለ ያየሁት ነገር አልነበረኝም። በዚህ ምክንያት የገና በዓል እንዳለፈ የጥቂት ቀናት ፈቃድ ወስጄ፣ ዓሣ አጥማጆች ወደሚኖሩባት ወደ ጅቡቲዋ ታጁራ ድንኳን ይዤ ለመሄድ ወሰንሁ። አብረውኝ የተጓዙት ኬሚስትሪ የሚያስተምረው ባልደረባዬና ሳቢያን ውስጥ ጋራዥ ያለው አብሮ አደጌ ናቸው፤ ይህ አብሮ አደጌ ሶማሊኛውንም ኦሮምኛውንም እንደ አማርኛው ስለሚናገር በመንገዳችን ሁሉ አፋችን እርሱ ነበር።

ወሩ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው። በክረምት ወራት በዚያ የባሕር ዳርቻ የሚነፍሰው ሐምሲን የተባለው ነፋስ አሸዋ እያዘለ ሙቀቱን ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚያደርሰው፣ ድንኳን ውስጥ ማደር የሚቻለው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው።

ታኅሣሥ 30

አዲሱ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ የተሠራ በመሆኑ ገና ሳይነጋ በሁለት ባጃጅ ተነሣን። ድንኳኑን፣ ምንጣፎቹን፣ አንድ ብረት ድስት፣ ጀበና፣ በርበሬና ሚጥሚጣ እንዲሁም ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዘናል። አባቴ ሊሸኘኝ እስከ በራችን ድረስ ወጥቶ ከሽንሌ ጀምሮ እስከ ሆልሆል ያሉትን የድሮ ጣቢያዎች በጣቱ እየቆጠረ ከጠራልኝ በኋላ፣ «ከአሳል ሐይቅ ጨው አምጣልኝ፤ ክቡን ዓይነት» አለኝ። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም።

ባቡሩ ከድሬዳዋ እንደ ወጣ ቁልቁል ይሄዳል። ቁልቁለቱ ለዓይን ባይታወቅም ለቆዳ ግን ይታወቃል፤ ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ ባሕር ወለል የሚደረግ ጉዞ በመሆኑ በየጣቢያው አየሩ እየከበደ፣ ግራሩ እያጠረ፣ ድንጋዩም እየጠቆረ ይመጣል። አዲጋላ ስንደርስ በመስኮት አሻግሬ ብዙ ጊዜ ተመለከትሁ። በዚያ አካባቢ ከጥልቅ ጉድጓዶች የሚወጣው ውሃ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ድንበር በሚሻገር ረጅም ቧንቧ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። ይህ ለእኔ ተራ ነገር አይደለም። ከድሬዳዋ ወደ ሰሜን ከሚፈስሱት ወንዞች አንዱም ባሕር አይደርስምና። ደቻቱ ከሐረርጌ ተራሮች እየደነፋ ወርዶ በሽንሌ ሜዳ አሸዋ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል፤ ታላቁ አዋሽም ያን ሁሉ አገር አቋርጦ በጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ በዚያው ይተናል። ከእኛ በረሃ ተነሥቶ እስከ ባሕር ዳር የሚደርሰው ውሃ ሰው በቧንቧ የሚልከው ብቻ ነው።

ድንበሩ ደወሌ ላይ የፓስፖርትና የቪዛ ቁጥጥሩ አልፎ ከቀትር በኋላ ናጋድ በሚባለው የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ወረድን። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ያደርነው አንድ ሌሊት ብቻ በመሆኑ ስለ እርስዋ ብዙ የምለው የለኝም። የራታችንን ነገር ግን ሳልጽፍ አላልፍም። የመናውያን በሚሠሩበት አንድ ቤት ውስጥ ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይዘረጋና ቀይ ቅመም ተቀብቶ፣ በረጅም ብረት ተይዞ፣ እሳቱ ከታች በሚነድበት ጥልቅ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ሲወጣ ቆዳው ከስሎ ሥጋው እንደ ወተት ነጭ ነው፤ ከጎኑ ከዚያው ምድጃ የወጣ፣ ገበታውን የሚሸፍን ስስ ቂጣ ይቀርባል። በጋዜጣ ላይ አድርገን በእጃችን በላን።

ጥር 1

ከጅቡቲ ወደ ታጁራ በጀልባ መሻገር ቢቻልም የዚያን ቀን መርከብ ስላልነበረ ባሕረ ሰላጤውን በሚኒባስ ዞርነው። መንገዱ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተቆለለበት ምድር ውስጥ ያልፍና በድንገት ከከፍታ ላይ ወደ ጉቤት ይገለጣል። ጉቤት ባሕሩ በጠባብ በር ገብቶ በተራሮች መካከል የተዘጋበት የውሃ ጓዳ ነው። ሾፌሩ ለጥቂት ደቂቃ እንዲያቆምልን ለምነነው ወረድን። የዓረቢያ፣ የሶማሌና የኑብያ የመሬት ቅርፊት ሰሌዳዎች የሚላቀቁት በዚህ አካባቢ ነው ብዬ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1978 አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ የፈነዳውም ጉቤትን ከአሳል ሐይቅ በሚለየው ምድር ላይ ነው፤ የፈሰሰው ጥቁር አለት ዛሬም ትናንት የቀዘቀዘ ይመስላል።

ታጁራ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ከኋላዋ የጎዳ ተራሮች ቆመዋል፤ ከፊቷ ባሕሩ ነው፤ በመካከል ነጭ ቀለም የተቀቡ ዝቅተኛ ቤቶችና መስጊዶች አሉ፤ የሰባት መስጊዶች ከተማ ይሏታል። ደርደር የሚባለው የአፋር ሱልጣን መቀመጫ ስትሆን ለሸዋም የቆየች የባሕር በር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የብሪታኒያ መልእክተኛ ወደ አንኮበር የተነሣው ከዚህ ነው፤ ሐረር ውስጥ በስሙ ቤት የምናሳየው ፈረንሳዊው ነጋዴ ራምቦም ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ይዞ የግመል ቅፍለት እስኪሟላለት ድረስ ወራት የቆየው በዚህች ዳርቻ ነው። አሁን ከከተማዋ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2017 የተከፈተ አዲስ ወደብ አለ። አመሻሹ ላይ ግን ሕዝቡ የሚሰበሰበው ወደቡ ዘንድ ሳይሆን ጀልባዎቹ የሚቆሙበት አሸዋ ላይ ነው።

ጥር 2

ከታጁራ በስተ ምሥራቅ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን ዳርቻ ፈረንሳይኛው «ሳብል ብላን» ይለዋል፤ ነጭ አሸዋ ማለት ነው። ዳርቻውን ለሚጠብቀው ሰው የማደሪያ ከፍለን ድንኳናችንን የተከልነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ባሕሩ ሸሽቶ ስለነበር ከፊታችን ሰፊ፣ ጠንካራና እርጥብ አሸዋ ተዘርግቷል። ድንኳኑን ያቆምነው ደረቁ አሸዋ ከእርጥቡ በሚለይበት መስመር ጥቂት ከፍ ብለን ነው፤ ቦታው ለእግር ምቹ፣ ለዓይንም ንጹሕ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ ውሃው ገባሁ። ዳርቻው ላይ ውሃው መልክ የለውም፤ ጥቂት ራመድ ሲሉ ፈካ ያለ አረንጓዴ ይሆንና ዛጎላማው አለት ከጀመረበት ወዲያ በአንድ ጊዜ ወደ ጥልቅ ሰማያዊ ይለወጣል። የተከራየነውን የውሃ መነጽር አድርጌ ፊቴን ወደ ታች ስደፋ፣ ከእግሬ ሥር የሰው አንጎል የሚመስል፣ ጠመዝማዛ ሸንተረር ያለው አንድ ትልቅ ሕያው ድንጋይ አየሁ። ከስንጥቁ ውስጥ ቢጫና ጥቁር ሽንትር ያላቸው ትንንሽ ዓሣዎች ይወጣሉ፤ ጥላዬ ሲያርፍባቸው ሁሉም ባንድነት ይገባሉ፤ ጥላዬ ሲነሣ ሁሉም ባንድነት ይወጣሉ። ይህን ስንት ጊዜ እየደጋገምሁ እንዳየሁት አላስታውስም፤ ባልደረባዬ ጀርባዬ በፀሐይ እየተቃጠለ መሆኑን ነግሮኝ ነው የወጣሁት።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከሰል አቀጣጥለን ሽንኩርት ስናቁላላ ጨረቃዋ ሙሉ ሆና ወጣች። ባሕሩ መቅረቡን ሦስታችንም ሰምተናል፤ ድምፁ ግን ያው የቅድሙ ስለሆነ ልብ አላልነውም። ሁለት ሰዓት አለፍ ሲል አንድ ቀጭን፣ አረፋ የለበሰ የውሃ ምላስ በዝግታ መጥቶ ከሰሉን ዳሰሰና እፍ አደረገው። ዘወር ብለን ስናይ የድንኳኑ በር ውሃ ውስጥ ነው። ምንጣፎቹና የባልደረባዬ ቦርሳ ርሰዋል፤ ጀሪካኖቹ ብቻ በሙሉ ክብደታቸው ስለነበሩ አልተነቃነቁም። ድንኳኑን እንዳለ በአራት ማዕዘኑ ይዘን ወደ ላይ ሮጥን።

ይህ የደረሰብኝ ስለማላውቅ አይደለም። እኛ የድሬ ልጆች ደረቅ አሸዋን አናምንም። ደቻቱ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ተራራው ላይ በዘነበ ዝናብ ብቻ በድንገት እንደሚመጣ ከሕፃንነታችን ተነግሮናል፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰዎችን የወሰደበትን ጎርፍ በሕይወቴ አልረሳውም። ጨረቃ ስትሞላ የባሕር ሙላት ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ከፍ እንደሚልም በየዓመቱ አስተምራለሁ። ነገር ግን የደቻቱ አሸዋ የሚያስፈራኝ ሆኖ ሳለ የባሕሩ አሸዋ አላስፈራኝም፤ ባሕር በቦታው የሚኖር፣ ወሰኑን የሚያውቅ ነገር ነው የሚል እምነት ሳላውቀው በውስጤ ተቀምጦ ነበር። ጠባቂው ባትሪውን ይዞ መጥቶ፣ አሸዋው ላይ የደረቀ የባሕር ሣር፣ ስባሪ ዛጎልና የላስቲክ ክዳን በረጅሙ የተሰለፈበትን ቦታ አሳየን። ባሕሩ በላይኛው ሙላት ጊዜ ያመጣውን ሁሉ እዚያ ጥሎት ይመለሳል፤ ሰው ድንኳኑን የሚተክለው ከዚያ መስመር በላይ ነው አለን። ካርታ ማንበብ የማስተምር ሰው ሆኜ፣ ባሕሩ ራሱ የጻፈውን መስመር ሳላነብ በላዩ ተራምጄ ማለፌ እስካሁን ያሳዝነኛል።

ጥር 3

ጠባቂው ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ዘመዱ ጋር አገናኝቶን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በጀልባ ወጣን። ጀልባዋ ከፋይበር የተሠራች፣ ጠባብና ረጅም ስትሆን ከኋላዋ አንድ ሞተር አላት። ሰውየው በዕድሜ የገፋ፣ ሽርጥ ያሸረጠ፣ ጥቂት የሚናገር አፋር ነው። ከአብሮ አደጌ ጋር የሚግባባው በሶማሊኛ ሲሆን ከመኪና ሾፌሮች የተማራቸውን ጥቂት የአማርኛ ቃላትም ያውቃል። መሣሪያው መርከብ አይሞላም፤ በላስቲክ ማጠንጠኛ ላይ የተጠቀለለ ወፍራም የናይለን ክር፣ የእርሳስ ክብደት፣ ሁለት መንጠቆ፣ ለማባበያም የተቆራረጠ ሳርዲን ነው። የሚያጠምድበትን ቦታ የሚያውቀው ምድርን አይቶ ነው፤ አንድ የተራራ ጫፍ ከአንድ መስጊድ ማማ ጋር ሲገጥምና በሌላው ጎን ደግሞ አንድ ሸለቆ ሲከፈት፣ ሁለቱ መስመሮች በሚተላለፉበት ነጥብ ላይ ሞተሩን ያጠፋል። እኔ በክፍል ውስጥ በማስመሪያና በኮምፓስ የማስተምረውን ነገር እርሱ በዓይኑ ብቻ ሲሠራው አየሁ።

ክሩን ሰጠኝና ሁለት ጣቱን በእኔ ጣቶች ላይ አድርጎ እንዴት እንደሚያዝ አሳየኝ። ክሩ በሌባ ጣት መታጠፊያ ላይ ያርፋል፤ አይጠመጠምም፤ የጠመጠመ ሰው ትልቅ ዓሣ ከመጣበት ጣቱን ያጣል። ብዙ ከቆየን በኋላ ከታች የሆነ ነገር ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገው። ልጎትት ስል በአማርኛ «ቀስ፣ ቀስ» አለኝ። ሦስተኛው ግን መንካት አልነበረም፤ ክንዴ እስከ ትከሻዬ ወደ ታች ተሳበ። ስጎትት ክሩ ጣቴን ሰነጠቀው፤ የጨው ውሃው ሲነካው ያቃጥላል። መጨረሻ ላይ ከውሃው የወጣው እነርሱ ሃሙር የሚሉት፣ አፈ ሰፊ፣ ቡናማ ነጠብጣብ የለበሰ፣ አለት ሥር የሚኖር ዓሣ ነው። ዓይኖቹ ፈጥጠዋል፤ ከአፉም እንደ ተነፋ ፊኛ ያለ ሮዝ ነገር ወጥቷል። ምላሱ መስሎኝ ነበር፤ ሽማግሌው ግን በጣቱ ጫን አድርጎ ጨጓራው መሆኑን ነገረን። ባልደረባዬ ወዲያው ገባው፤ ዓሣው ከጥልቀት ሲወጣ የውሃው ግፊት ስለሚቀንስለት በውስጡ ያለው የአየር ከረጢት ይነፋና ጨጓራውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ይህን ያህል ቀላል የሆነ የጋዝ ሕግ ይህን ያህል ሲጨክን አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ዓሣ ይዤ ከመደሰቴ ይልቅ ዝም አልሁ።

እስከ ረፋዱ ድረስ ስድስት ሃሙርና እነርሱ ደይረክ የሚሉትን፣ ብርማ ገላው ላይ ጥቋቁር ሽንትር ያለበትን ረጅም ዓሣ ይዘን ተመለስን። ሽማግሌው ገና ከጀልባው ሳይወርድ የዓሣዎቹን ስንጥብ አውጥቶ፣ አንጀታቸውን ጥሎ በባሕር ውሃ አጠባቸውና በረዶ ውስጥ ከተታቸው፤ በዚያ ሙቀት ዓሣ ቀድሞ የሚበላሸው ከስንጥቡና ከአንጀቱ በኩል እንደሆነ ነገረን። ገዢዎቹ ስንጥቡን እያዩ ሳይሆን ዓይኑን እያዩና ሥጋውን በጣት እየጫኑ ይገዛሉ። የእኛን ድርሻ ገንዘብ ልንሰጠው ብንሞክር የነዳጁን ብቻ ተቀበለ።

ያን ምሽት ሃሙሩን በሎሚና በሚጥሚጣ አሽተን በከሰል ጠበስነው። ሽማግሌውም መጥቶ አብሮን በላ፤ ሚጥሚጣው አላስደነገጠውም።

ጥር 4

ጣቴ ስላበጠ ቀኑን በዳርቻው ላይ በመራመድና ዕቃ በማድረቅ አሳለፍሁ። በእነዚህ ወራት ግዙፍ ዓሣ ነባሪ መሰል ሻርኮች ወደ ባሕረ ሰላጤው ስለሚገቡ ጎብኚዎች በጀልባ እየሄዱ ያዩአቸዋል፤ እኛ ግን ገንዘባችን አልበቃም።

ጥር 5

ወደ አሳል ሐይቅ ለመሄድ በተከራየነው መኪና ከታጁራ ስንነሣ ገና ማለዳ ነበር። ከከተማው እንደ ወጣን የመንገዱን ዳር ይዘው ወደ እኛ የሚመጡ ወጣቶችን አገኘን፤ አሥራ አምስት ያህል ናቸው፤ አብዛኞቹ ነጠላ ጫማ አድርገዋል፤ በእጃቸው የያዙት ባዶ የውሃ ላስቲክ ነው። አብሮ አደጌ ሾፌሩን አስቁሞ በኦሮምኛ ሰላም አላቸው። ከሐረርጌ፣ ከአርሲና ከጅማ የመጡ ናቸው፤ ድንበሩን በእግር ተሻግረው ወደ ኦቦክ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን ለመሄድ ነው። አንዱ ከጨለንቆ መሆኑን ሲናገር አብሮ አደጌ ድምፁ ተለወጠ፤ እናቱ የዚያ አገር ሰው ናት። «ኦቦክ ሩቅ ነው?» ብሎ ጠየቀን። 60 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚቀረው ነገርነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ከዚያው ዳርቻ፣ ጎዶሪያ አጠገብ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች መሞታቸውንም አብሮ አደጌ ነገረው። ልጁ ሰምቷል፤ ያውቃል። ሁለቱን ጀሪካኖች አውርደን ላስቲኮቻቸውን ሞላን፤ የቀረውን ዳቦና ተምር ሰጠናቸው። ልጁ ስልኬን ተውሶ ለእናቱ ደወለ፤ ስልኩ አልተነሣም። ቁጥሩ ስልኬ ውስጥ ቀርቷል፤ ድሬዳዋ ከገባሁ በኋላ ራሴ ደውዬ፣ ልጃቸው በዚያን ቀን ማለዳ ደኅና እንደ ነበረ ለእናቱ ነግሬያቸዋለሁ።

አሳል የደረስነው ሁላችንም ዝም ብለን ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ የሚገኝ፣ በአፍሪካ ከሁሉ ዝቅ ያለ ቦታ ሲሆን ጨውነቱ ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ያህል ይሆናል። ውሃው የሚመጣው ከጉቤት በአለት ስንጥቅ ውስጥ እየሰረገ ነው፤ ፀሐይዋም ያለ ማቋረጥ ታተነዋለችና ጨዉ ይቀራል። ዳርቻው እንደ በረዶ ነጭ ነው፤ በባዶ እግር ሲረግጡት ይቆርጣል። ሞገዱ እያንከባለለ ያከበባቸውን፣ ከሽንብራ እስከ ሎሚ የሚያህሉ የጨው ኳሶች ለአባቴ መረጥሁለት። ባልደረባዬ ለኬሚስትሪ ክፍሉ አንድ ትልቅ ብልቃጥ ሞላ።

ጥር 6

ከናጋድ ስንነሣ ከጎናችን የተቀመጡት ጅቡቲ ውስጥ ሠርተው የሚመለሱ ሁለት የድሬ ሴቶች ነበሩ፤ የድንኳናችን ሽታ ቢያስቸግራቸውም «አይዞህ፣ የባሕር ሽታ አይገድልም» ብለውኝ ብርቱካን አካፈሉን። አዲጋላን ያለፍነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው።

ቤት ስደርስ አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። የጨው ኳሶቹን በመዳፉ ላይ አንከባሎ አንዱን በምላሱ ነካና ወደ ኪሱ ከተተው። ጣቴን አይቶ ምን እንዳገኘኝ ጠየቀኝ፤ የሃሙሩን ነገር ነገርሁት። ከዚያም እናቴ ወደ ማጠቢያው ልትወስደው ያነሣችውን ድንኳን ከእጅዋ ተቀብሎ፣ ፊቱን አስጠግቶ አሸተተውና ግቢው ውስጥ በገመዱ ላይ ራሱ ሰቀለው።

«ነገ ይታጠባል፤ ዛሬ ይደር» አላት።